ክሩ በማን እጅ ይሁን? ስለ ልጆቻችን ጥርስ መሀል

ትልቁ ልጄ አምስት ዓመቱ ሳለ አንድ ሌሊት ጉንጩን ይዞ እያለቀሰ ቀሰቀሰኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ልጁ የሚለውን ለመስማት ጆሮዬን አፉ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። "እዚህ ጋ" ይላል፣ ጣቱን ከታች በቀኝ በኩል አድርጎ። በስልኬ መብራት አየሁት። ምንም የለም። ጥርሱ ነጭ ነው። ድዱ ትንሽ ቀላ ብሏል፣ በቃ። ጠዋት ይቦርሻል፣ ማታ ይቦርሻል፣ ከረሜላም ቢሆን እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ እንጂ ከልክ ያለፈ አይበላም። ግራ ገብቶኝ አደርኩ።

በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ አየችው፣ ራጅ አስነሳችው፣ ከዚያ ምስሉን ወደ እኔ አዙራ በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ ቦታ አሳየችኝ። ሁለቱ የመንጋጋ ጥርሶች በሚነካኩበት ቦታ፣ በዚህኛውም በዚያኛውም ጥርስ ጎን ላይ፣ ጠቆር ያለ ጥላ አለ። አንደኛው ወደ ውስጥ ዘልቋል። ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይታይም። "እዚህ ቦታ ብሩሽ አይገባም" አለችኝ፤ ቀጥላም "ክር ትጠቀሙለታላችሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። አንጠቀምም ነበር። የጥርስ ክር፣ ጥርስና ጥርስ መሀል እያስገቡ የሚያጸዱበት ቀጭን ክር፣ እኔ ዘንድ ሥጋ የበላ ትልቅ ሰው የሚያስፈልገው ነገር ነበር። አንዱ ጥርስ ተሞላ። ሌላው ተነቀለ።

ይሄ ከሆነ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ያገኘሁትን ሁሉ እየጠየቅኩ፣ እያነበብኩ፣ በሁለት ልጆቼ አፍ ላይም በየማታው እየሠራሁት ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ስለ ጥርስ ክር ሲወራ ሁሉም "ልጆችን እናስተምር" ይላል። ቪዲዮውም፣ የትምህርት ቤቱ ፖስተርም፣ ጎረቤትም። ልጁ እጅ ላይ ክር ይሰጠዋል፣ ይታይለታል፣ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ተማረ ይባላል። እኔ ግን ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ክር ልጅ ሳይማረው በፊት ለብዙ ዓመት የወላጅ እጅ ሥራ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቅ። ጥርስ አምስት ፊት አለው ብላችሁ አስቡ። ወደ ጉንጭ የሚያየው፣ ወደ ምላስ የሚያየው፣ የምናኝክበት የላዩ፣ እና ጎረቤት ጥርሶችን የሚነኩት ሁለቱ ጎኖች። ብሩሽ ሦስቱን ያገኛል። ሁለቱን አያገኝም። እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው የተሠሩ ሱቆችን ውሰዱ። ፊታቸውን ቀለም ትቀባላችሁ፣ ጣሪያቸውን ታድሳላችሁ፣ ጓሯቸውን ትጠርጋላችሁ፤ ሁለቱ ሱቆች የሚነካኩበት ስንጥቅ ውስጥ ግን መጥረጊያ አይገባም። እርጥበቱም አይጡም የሚኖረው እዚያ ነው።

ሰው "ትል በላው" ይላል። ትል የለም። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስኳርና ዱቄት ያለበትን ምግብ ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፣ አሲዱም ኢናሜል ከሚባለው ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ላይ ማዕድኑን እያሟሟ ያወጣዋል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያጥባል፣ የወጣውንም ማዕድን በከፊል ይመልሳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ልጁ አንድ ብስኩት በልቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሌላ ከደገመ፣ ከዚያ ለስላሳ ከጠጣ፣ ከዚያ እንደገና ከረሜላ ከመጠጠ፣ ምራቁ ሥራውን የሚሠራበት ፋታ አያገኝም። በሁለት ጥርስ መሀል በተያዘ ነገር ላይ ደግሞ ምራቅም እንደልቡ አይደርስም። ማታ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት ያለው ጽዳት ከጠዋቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ ትልቁ ሰበብ ልምጣ። "የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቃል።" ይሄን ያላለኝ ሰው የለም። አኮ፣ የባለቤቴ እናት፣ ልጁን ይዘን ከሐኪም ስንመለስ ያሉኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄው ነበር፣ እሳቸውም እኔን ለማጽናናት ብለው ነው። እውነት አላቸው፣ ይወልቃል። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። ጣሪያ ላይ የምንወረውራቸው የፊት ጥርሶች ከ6 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ይወልቃሉ። መንጋጋዎቹ ግን ከ9 እስከ 12 ዓመት ድረስ ይቆያሉ። ልጁ 3 ዓመት ገደማ ሲሞላው 20 የወተት ጥርሶቹ ሁሉ ይወጣሉ፣ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ መንጋጋ ናቸው። የኔ ልጅ በአምስት ዓመቱ የተነቀለበት መንጋጋ ገና አራት አምስት ዓመት ሊያኝክበት የሚገባው ጥርስ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የወተት ጥርስ ኢናሜሉ ከቋሚው ጥርስ ግማሽ ያህል ነው ውፍረቱ። ስለዚህ መበስበሱ ሲጀምር ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ነርቩ ለመድረስም ረጅም መንገድ የለውም። የወተት መንጋጋ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ጠባቂም ነው። ጊዜው ሳይደርስ ሲነቀል ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ በኋላ ቋሚው ሲመጣ ቦታው ጠቦ ያገኘዋል፣ ተጣሞ ይወጣል ወይም ውስጥ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ በ6 ዓመት አካባቢ ከመጨረሻው የወተት መንጋጋ በስተኋላ አንድ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ ማንም ሳያስተውል፣ ጥጉ ላይ ብቅ ይላል። ይሄ ቋሚ ነው። ዕድሜ ልክ የሚኖር ጥርስ። ከፊቱ ያለው የወተት መንጋጋ በዚያ በኩል ተበልቶ ከጠበቀው አዲሱ ጥርስ ገና ሲወጣ የተበከለ ጎረቤት ላይ ይደገፋል። "ይወልቃል" ያልነው ጥርስ የማይወልቀውን ይዞት ሊሄድ ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ ልጆቻችን ምን ይበላሉ? እኔ ያደግኩት እዚሁ ጅማ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በቆሎ እሸት፣ ሸንኮራ፣ በወቅቱ ማንጎና ዘይቱን ነበር የምንበላው። ጥርሳችን መሀል የሚገባው የበቆሎው ገለባና የማንጎው ጭረት ነበር፣ ያ ደግሞ ይሰማል፣ ያስቸግራል፣ በጥፍርም በስቴኪኒም ብለን እናወጣዋለን። አሁን የልጆቼን ምሳ ዕቃ ሳይ፣ የጓደኞቻቸውንም ሳይ፣ ብስኩት አለ፣ ቺፕስ አለ፣ የታሸገ ጁስ አለ፣ ለስላሳ ዳቦ አለ። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለችው ሱቅም የምትሸጠው ይሄንኑ ነው። ብስኩት ሲታኘክ ሊጥ ይሆንና በመንጋጋ መሀል ይለጠፋል። አይወጋም። አያሳክክም። ልጁ አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም አይሰማውም። ክር ለሥጋ ጭረት ነው ብለን የምናስበው የሚሰማንን ብቻ ስለምናወጣ ነው። ጥርስ የሚያበሰብሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ለስላሳው፣ ድምፅ የሌለው ነው። በረመዳን ቴምር ለልጆች ስንሰጥም ይሄን ማሰብ ጥሩ ነው፤ ቴምር መልካም ምግብ ነው፣ ግን ማጣበቂያ ነው።

መፋቂያስ? ይሄ ጥያቄ ጅማ ውስጥ ሳይነሳ አይቀርም። ገበያ ስትገቡ መፋቂያ በእስር በእስሩ አስቀምጠው የሚሸጡ አሉ፤ የሙስሊም ቤተሰብ ጎረቤቶቼ ደግሞ ሲዋክን ከሶላት ጋር አያይዘው፣ እንደ ሱና ቆጥረው ነው የሚጠቀሙበት፣ ልጆቻቸውም ከአባታቸው አይተው ገና በሕፃንነታቸው ይይዙታል። መልካም ልማድ ነው፣ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ጥርሱን ፊት ለፊት በደንብ ያጸዳል። ነገር ግን እሱም እንደ ብሩሹ ነው፤ ሁለት መንጋጋ በተጣበቀበት መሀል አይገባም። ስቴኪኒ ደግሞ ለልጅ ጨርሶ አይሆንም። ስለታም ነው፣ የልጅ ድድ ይወጋል፣ ልጅ አፉ ውስጥ ይዞት ሲሮጥ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

አሁን ክርክሩ ወዳለበት ልግባ። አንዳንድ ሰው "ክር ምንም ጥቅም እንደሌለው ተረጋግጧል" ይላል። ይሄ ወሬ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2016 አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል 25 ጥናቶችን አይቶ ለጥርስ ክር ጥቅም የቀረበው ማስረጃ ደካማ ነው ብሎ ዘገበ። ከ1979 ጀምሮ ክርን ሲመክር የኖረው የአሜሪካ መንግሥትም በወቅቱ ባወጣው የአመጋገብ መመሪያ ላይ ምክሩን ሳያካትት ቀርቶ ነበር። ዜናው ዓለምን ዞረ። በ2019 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ክር ከብሩሽ ጋር ሲሆን ከብሩሽ ብቻ ይልቅ የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል ጻፈ፣ ነገር ግን የማስረጃው ጥንካሬ ዝቅተኛ መሆኑንም አልደበቀም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በጥርስ ምርምር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ግምገማ አለ፣ እሱን ነው ለእያንዳንዱ ወላጅ ማንበብ የምፈልገው። ስድስት ጥናቶችን ነው የሰበሰበው። ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 13 የሆኑ ከ800 በላይ ልጆች አሉበት። ውጤቱ ሦስት ዓይነት ነው። የሠለጠነ ሰው በትምህርት ቀን ሁሉ፣ ለ1.7 ዓመት ያህል፣ የልጆቹን ጥርስ በክር ሲያጸዳላቸው በጥርስ መሀል የመበስበስ ዕድሉ በ40 በመቶ ቀነሰ። ባለሙያ በሦስት ወር አንዴ ብቻ ሲያደርገው ለውጥ አልታየም። ልጆቹ ራሳቸው ሲያደርጉት፣ እነዚህ ደግሞ በዕድሜ ከፍ ያሉት ናቸው፣ ለሁለት ዓመት ያህል ቢያደርጉትም፣ ለውጥ አልታየም።

ያው ክር ነው። ያው አፍ ነው። ልዩነቱ የማን እጅ ነው የያዘው፣ ስንት ቀንስ ነው የተያዘው የሚለው ላይ ነው።

እርግጥ እኔ የሠለጠነ ባለሙያ አይደለሁም፣ እናንተም አይደላችሁም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የምናደርገው ያንኑ 40 በመቶ ያመጣል ብዬ አልምልም። ግን ነገሩ ምን እንደሚያስተምረን ግልጽ ነው። ክር ለብዙ ሰው የማይሠራው በአግባቡ ስለማይደረግ ነው። በአግባቡ ለማድረግ ጣት ያስፈልጋል፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል፣ የኋላውን መንጋጋ ማየት ያስፈልጋል። የአምስት ዓመት ልጅ ይሄ የለውም። ሸሚዙን ቆልፎ ያልጨረሰ ልጅ ከኋለኛ መንጋጋው መሀል ክር አስገብቶ ጥርሱን አቅፎ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያመላልስ መጠበቅ አግባብ አይደለም። ብዙ ልጆች ክሩን በራሳቸው በደንብ መያዝ የሚችሉት 10 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ቀድሞ፣ አንዳንዱ ዘግይቶ።

"ታዲያ እኔ ሃያ ጥርስ በየማታው እንዴት እችላለሁ?" ትሉኝ ይሆናል። ሃያ አይደለም። ይሄን ሳውቅ ነው እኔ ራሴ እፎይ ያልኩት። ክር የሚያስፈልገው ጥርስ ከጥርስ የሚነካካበት ቦታ ብቻ ነው። የብዙ ትንንሽ ልጆች የፊት ጥርስ ክፍተት አለው፣ እዚያ ብሩሹ ይገባል፣ ያ ክፍተት መልካም ነው፣ ለትልልቆቹ ጥርሶች ቦታ ነው። ችግሩ ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወተት መንጋጋ መሀል ነው። በላይ ግራና ቀኝ፣ በታች ግራና ቀኝ። አራት ቦታ። ልጁ ስድስት ዓመት ሞልቶት ያ አዲሱ መንጋጋ ከኋላ ከመጣ ደግሞ አራት ይጨመራል፣ ስምንት ይሆናል። የፊት ጥርሶቻቸውም ተጣብቀው የወጡላቸው ልጆች አሉ፣ የእነሱንም ትጨምራላችሁ። የኔዋ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነው፣ አራቱን ቦታ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።

አያያዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። ልጁን መስተዋት ፊት አቁሜ፣ ከፊቱ ጎንበስ ብዬ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን እንዲከፍት እየለመንኩ ነበር የምታገለው። እሱ ያፈገፍጋል፣ እኔ አላይም፣ ሁለታችንም እንናደዳለን። ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የልጄን ፀጉር እየፈታሁ፣ ለሹሩባ እያዘጋጀኋት፣ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አጋድማ ተኝታ ወደ ላይ ስታየኝ አፏ ክፍት ነበር። የኋለኛ መንጋጋዎቿ ከላይ እስከ ታች ይታዩኛል። መብራቱም ከላይ ነው። ይሄው ነው ለካ ቦታው።

እናቶቻችን ይሄንን አቀማመጥ ያውቁታል። ፀጉር ስንታበጠር፣ ቅማል ሲፈለግልን፣ ዓይናችን ውስጥ የገባ ነገር ሲወጣልን ጭንቅላታችን ያረፈው እዚያ ነው። ልጅ እዚያ ሲጋደም ይረጋጋል። ከፊት ሆኖ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት ያስፈራዋል፣ ከጭን ላይ ሆኖ ግን ለምዶታል። አባቶችም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ፣ በእኛ ቤት ሳምንቱን ተካፍለነዋል፣ የባለቤቴ እጅ ወፍራም ስለሆነ እሱ የሚጠቀመው ባለ መያዣውን ክር ነው።

ክሩ እንዴት ይያዛል? ለትልቅ ሰው አንድ ክንድ ያህል ይበቃል፣ ከክርናችሁ እስከ መሀል ጣታችሁ ጫፍ። ለአራት ቦታ ለልጅ ከሆነ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ይበቃል። ጫፍና ጫፉን በሁለቱ መሀል ጣቶቻችሁ ላይ ጠምጥሙት፣ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ወጥሩት፣ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይቅር። ጥርሶቹ መሀል ስታስገቡት ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ እያደረጋችሁ ነው፤ በኃይል ከተጫናችሁት ድንገት ይዘልና ድዱን ይቆርጣል፣ ልጁም ነገ አፉን አይከፍትላችሁም። ከገባ በኋላ ክሩ አንደኛውን ጥርስ ይቀፈው። እንደ ነጠላ ዙሪያውን ይልበሰው። ከድዱ ሥር ትንሽ ገባ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሳታወጡት ጎረቤቱን ጥርስ አቅፎ እንደዚያው። ብዙ ሰው አስገብቶ ወዲያው ያወጣዋል፣ ያ ግን ስንጥቁን እንጂ የጥርሱን ጎን አያጸዳም። ወደ ሌላው ቦታ ስትሄዱ ክሩን ፈታ አድርጋችሁ ንጹሑን ክፍል ተጠቀሙ። የአንዱን ልጅ ክር ለሌላው አትጠቀሙ፤ ባክቴሪያው አብሮ ይሄዳል።

ጣት ላይ መጠምጠሙ የሚያስቸግር ከሆነ ክሩን ከስንዝር ትንሽ በለጥ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጫፎቹን በማሰር ቀለበት አድርጉት፤ ሁለት ጣት ከዚህ ሁለት ጣት ከዚያ አስገብቶ መወጠር ይቀላል። ኋላ ልጁ ራሱ ሲጀምር በዚህ ቢጀምር ይሻላል። ባለ መያዣው ክር፣ በትንሽ የፕላስቲክ ሹካ ላይ የተወጠረው፣ ለሚንቀሳቀስ ልጅ ያመቻል፤ ከተገኘ ጥሩ ነው።

ደም ቢወጣ አትደንግጡ፣ ማጽዳቱንም አታቁሙ። እኔ መጀመሪያ ቀን ደም ሳይ የጎዳሁት መስሎኝ ሦስት ቀን ተውኩት፣ አራተኛው ቀን ስጀምር የባሰ ደማ። ድድ የሚደማው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ስለተቆጣ ነው፣ የተቆጣው ደግሞ እዚያ የተከማቸ ቆሻሻ ስላለ ነው። በየቀኑ በቀስታ ሲጸዳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። ካልቆመ ለሐኪም ማሳየት ነው። ክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበጣጠስ ከሆነ፣ ምግብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚያዝ ከሆነ፣ ወይም ከመንጋጋው ጎን ግራጫ ጥላ ከታያችሁ፣ ልጁ እስኪያለቅስ አትጠብቁ። እኔ ጠብቄያለሁ። የተበጠሰው ክር ቀዳዳ አለ ማለት ሊሆን ይችላል።

ስለ ዋጋ እና ስለ ማግኘት። ጅማ ውስጥ መጀመሪያ ስፈልግ አንድ ፋርማሲ "ለልጅ አይደለም፣ ለትልቅ ሰው ነው" ብለው መልሰውኛል፣ ሌላው ጋ ደግሞ ምን እንደምፈልግ ማስረዳት ፈጅቶብኛል። አሁን ትላልቅ ፋርማሲዎችና ሱፐር ማርኬቶች ውስጥ ይገኛል። የልጅ የሚባል ልዩ ክር የግድ አያስፈልግም፣ ተራው ባለ ሰም ክር ይሆናል። ሳጥኑ ላይ 50 ሜትር የሚል ከሆነ በስንዝር ተኩል ሂሳብ ለአንድ ልጅ ከአምስት ወር በላይ ይሄዳል። የልብስ መስፊያ ክር የሚጠቀሙ አውቃለሁ። ቀጭንና ሸካራ ነው፣ ድድ ይቆርጣል፣ ለልጅ አልመክርም። እርግጥ የጥርስ ክር ታሪኩ ሲጀመር ከሐር ክር ነው፤ ሌቪ ስፒር ፓርምሊ የሚባል የኒው ኦርሊንስ ጥርስ ሐኪም ከ200 ዓመት በፊት ሰም የተቀባ የሐር ክር ይመክር ነበር።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለበት የጥርስ ሳሙና ግዙ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው። በጥርስ መበስበስ ላይ ጠንካራው ማስረጃ ያለው እሱ ላይ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ጀርባው ላይ ከ1000 ፒፒኤም (ppm ተብሎ የሚጻፈው መጠን) ያላነሰ ፍሎራይድ መኖሩን እዩ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ልጁ አረፋውን ይትፋ፣ ግን በብዙ ውኃ አይጉመጥመጥ፣ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ክሩ በአስፈላጊነት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሳሙናውና ብሩሹ የማይደርሱባቸውን ሁለት ጎኖች ለመድረስ።

እዚህ ከተማ ላይ ሆኜ አንድ ነገር እመኛለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት 514 ሚሊዮን ልጆች የወተት ጥርሳቸው እንደተበላ ገምቷል። እኛ ደግሞ ጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ነው የምንኖረው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርቱ ነው፣ ተማሪዎቹ ሰፈር ለሰፈር ሲሄዱ አይተን አድገናል። መዋዕለ ሕፃናት ሄዶ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ጥርስ ማስተማር መልካም ነው፣ ልጆቹ ይዘምራሉ፣ ደስ ይላቸዋል። እኔ የምመኘው ግን የወላጆች ስብሰባ ቀን መጥተው እኛን እንዲያስተምሩን ነው። አንድ ልጅ ጭን ላይ አጋድመው፣ አራቱን ቦታ አሳይተው፣ ከዚያ ክሩን ለእያንዳንዱ እናትና አባት ሰጥተው "አሁን እናንተ" እንዲሉን። ከትምህርት ቤቱ በር ሱቅ ላይ ምን እንደሚሸጥም በዚያው ቀን ብንነጋገርበት።

ሰዓቱን በተመለከተ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያገኛል። እኛ ቤት ማታ ቡና ይፈላል። አቦሉ ሲቀዳ ልጆቹ እራታቸውን ጨርሰዋል፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ እኔም ተቀምጫለሁ። ትንሿ ትራስ ይዛ መጥታ ትጋደማለች። ቶናው እስኪደርስ አልቆ ብሩሿን ይዛ ሄዳለች። አኮ ሲመጡ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩ ነበር። አሁን ቡናው እሳት ላይ ሆኖ ልጅቷ ካልተጋደመች እሳቸው ናቸው የሚጠሯት።

ትልቁ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። የፊቶቹን ራሱ ይሠራል፣ የኋላዎቹን ይሞክራል፣ ከዚያ እኔ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። ያ የተነቀለው ጥርስ ቦታ አሁንም ክፍት ነው፣ ቋሚው ገና አልመጣም፣ ሐኪሟ በየስድስት ወሩ እየለካች ትከታተለዋለች። ባለፈው ሳምንት ክሩ የተሞላው ጥርስ ጋ ተያዘበት። ሊጠራኝ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ሐሳቡን ለወጠ መሰለኝ፣ አንዱን ጫፍ ከጣቱ ፈታና ወደ ጉንጩ በኩል ቀስ አድርጎ ሳበው። ወጣለት። ክሩን በመብራት አየው፣ ንጹሕ መሆኑን አሳየኝ፣ ወደሚቀጥለው ጥርስ ሄደ።